ዱባው ማን ነው?

ዝምተኛ ሁሉ ጨዋ ነው ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል! እኛ ዓይን አፋሮች ሐሜት አናጣም፤ የምናጣው ድምፅ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ይባል የለ? እውነት ነው... ግን የገባውም አይወጣም!

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ በጽዳት የምሠራበት ሙዚየም ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የሆናቸውን የፌዝ ሥዕሎች ሰቅሎ ነበር። የአንዱን ታሪክ ጥበቃው አጫወተኝ። ያኔ የፈረንሳዩን ንጉሥ በፌዝ መሳል ያስቀጣ ነበር፤ ሰዓሊዎቹም በእሱ ፈንታ እንደ ፊቱ ከላይ ቀጠን ከታች ወፈር ያለ ፒር ሳሉ። አዎ፣ ፍሬውን! አገሬው ፒር ባየ ቁጥር ሳቀ። ንጉሡ ምን ይበል? «ፒሩ እኔ ነኝ» ይበል?

መወልወያዬን እንደያዝኩ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሼ በዛብህ ትዝ አሉኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያወሩና ሌላው እጁን ሲያወጣ «ሰዓት የለንም» ይላሉ። ክራቫት ያሰረ፣ ማይክ የጨበጠ ዱባ ሳልኩና የእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። ማንም አላየኝም።

እሑድ አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ጋሼ በዛብህ ሥዕሉን ነቀሉ።

«ይሄ ዱባ ማን ነው?»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«እትዬ አስካለ፣ ማንን ይመስላል?»

«እኔ ዱባ የማውቀው በወጥ ነው!»

«የሳለው ከተገኘ ከእድሩ ሪሙቭ ይደረጋል!»

እዚህ አንድ ዘመድ የለኝ... ከእድር ከወጣሁ ማን ይቀብረኛል?

«ከዛሬ ጀምሮ የሚለጠፍ ሁሉ አስቀድሞ ይመረመራል። መርማሪ ምረጡ!»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይቺ ጭምት ልጅ ትሁን!»

«ኧረ እኔ አልሆንም!»

«ትሕትናዋን አያችሁ?»

«እትዬ ይሙቱ፣ እኔ የምታመን ሰው አይደለሁም!»

ጭብጨባ! የእድርን ነገር ታውቁት የለ? «እሺ» ያለ ሥልጣን ፈላጊ ነው፤ እንቢ ባይ ይሾማል።

«ጥፋተኛ ነኝ እኮ!» አልኩ፤ ከኮሮና ወዲህ ከፊቴ በማይወርደው ማስኬ ውስጥ ቀረ።

በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። ሰሌዳውን ቆልፈው ቁልፉን ሰጡኝ፤ የመጀመሪያ ሥራዬም ሰዓሊውን ማፈላለግ ሆነ። እስካሁን እያፈላለግኩ ነው... ጥሩ ፍንጭ አለኝ።

በወሩ ከአዳራሹ በር ላይ አዲስ ሥዕል ተለጥፎ አገኘሁ፦ ቁልፍ የታቀፈች፣ አፍንጫዋ ከማስክ የተረፈ ድንች። ጋሼ በዛብህ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

ቦጭቄ ጣልኩት። ጥበብ ጠላች እንዳትሉኝ! ነፃነትም ልክ አለው... አፍንጫዬ ያን ያህል አይደለም!