ፈቃድ ሲጠብቅ የከረመው በግ

ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ግን እንደ እኛ የአዳማ ሰፈር ለሰው ልጅ የሚጨነቅ አይታችኋል?

የጎረቤታችን የእማማ ጥሩነሽ ልጅ ውጭ አገር ጥገኝነት አግኝቶ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ሲያመለክት፣ እናቱ ለደስታው ቀን የሚታረድ በግ ከአርሲ ነገሌ አስመጡ። ፈቃዱ ዘገየ። እኛ በየቀኑ "ወረቀቱ መጣ?" እንላለን፤ ዓይናችን የበጉ ላት ላይ ነው። "ልጄን ቢመልሱብኝስ?" የሚለውን ስጋታቸውን የሚሰማላቸው ግን በጉ ብቻ ነበር። ወፈረ፣ ስም ወጣለት፣ ገበያ ድረስ ይከተላቸው ጀመር።

ትናንት ልጁ "ተፈቀደልኝ!" ብሎ ደወለ። ቢላ ስለን ስንደርስ፣ እማማ የበጉን አንገት አቅፈው ተቀምጠዋል።

"እማማ፣ አይታረድም እንዴ?" አልኳቸው።

"የሰው አገር ልጄን ኑር ካለው፣ እኔ ይሄን ሙት ልበለው?"