ዝናብ የፈተናቸው ስፒከሮች

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። ባዳ ያደረገውስ ማን ነው? እኛው ነን። ለዓይናችን ሰፊ ቴሌቪዥን እንገዛለን፤ ለሆዳችን የፍየል ጥብስ እናዛለን፤ ለአፍንጫችን እንኳ ሽቶ አለን። ለጆሮ ግን የተረፈውን እንወረውርለታለን። ሰመራ ውስጥ ደግሞ የሚተርፈው ምን መሰላችሁ? የባጃጅ ጡሩምባ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር፣ ቀን ከሌት የሚያጓራ ኤሲ።

እኔ ይህን የቆየ ግፍ ቢያንስ በቤቴ ልሽር ተነሣሁ። አንዷን ትርፍ ክፍል የሙዚቃ ማዳመጫ ላደርጋት ወሰንኩ። «ወሰንኩ» ስላችሁ፣ ባለትዳሮች እንደምትረዱኝ፣ ባለቤቴን ዘሀራን አስፈቀድኩ ማለቴ ነው። እሷ ግን ለዚያችው ክፍል የስፌት መኪናዋን አጭታ ኖሯል። መልሷን አዘገየችብኝ።

ሎጊያ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ወዳጄ ሰይድ በጅቡቲ በኩል ሁለት ዓይነት ስፒከር አስመጣልኝ። ሁለቱንም ቤት ወስጄ እንዳዳምጥና ያልወደድኩትን እንድመልስ ነገረኝ። የስፒከር ጠባይ እንደ ሙሽራ ነው፣ የሚታወቀው ቤት ሲገባ ነው ባይ ነው። አንደኞቹ ትንንሽ፣ ጨዋ፣ በማቆሚያ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ሁለተኞቹ ቡናማ እንጨት የለበሱ፣ ደረቴ ድረስ የሚደርሱ ግርማ ሞገሳሞች ናቸው። ወደ ሰመራ ስንመለስ ትልልቆቹ የባጃጁን የኋላ ወንበር ለሽምግልና እንደተላኩ አዛውንቶች ሞልተው ተቀመጡ፤ እኔ ትንንሾቹን ታቅፌ ከሾፌሩ ጎን በአንድ ጎኔ ተንጠለጠልኩ።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ገና ሳልሰማ ለትንንሾቹ አድልቷል። ትሑት ነገር መውደድ አዋቂ ያስመስላላ! ለትልልቆቹማ «ባዶ በርሜል ይጮኻል» የምትለዋን ተረት አዘጋጅቼ ነበር የምጠብቃቸው።

ሰመራ ላይ ሙዚቃ ማዳመጥ ግን መሥዋዕትነት ይጠይቃል። ኤሲው ከበራ የምትሰሙት ኤሲውን ነው። ከጠፋ ደግሞ ክፍሉ ዳቦ መጋገር ይችላል። ሰይድ ጥሩ ስፒከር ያስለቅሳል ብሎኝ ነበር፤ እኔ ፊቴን ያራሰው እንባ ይሁን ላብ መለየት አቅቶኝ ከአንዱ ወደ አንዱ ስመላለስ ሰነበትኩ።

በመጨረሻ ዘሀራ ትዕግሥቷ አለቀና ፍርድ ሰጠች። ሠርግ የሚቀርጸው ወንድሟ፣ በዚያ ጥሩ ማይክሮፎኑ፣ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ያለው የአባቷ ቤት ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን የክረምት ዝናብ ቀርጾ ልኮላት ነበር። ሰመራ ከመጣች ወዲህ የጠገበችው ዝናብ የለም። «ሙዚቃህን ተወውና የሐይቅን ዝናብ አሰማኝ» አለችኝ። አባቷ ቤት ተኝታ እንደምትሰማው ካሰማኋት ክፍሏ የእኔ ናት፤ ካላሰማኋት የስፌት መኪናው ነገ ይገባል። እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

መግሪብ ካለፈ በኋላ ኤሲውን አጠፋን፤ እንዳንታፈን መስኮቱን ከፈትን። ከትንንሾቹ ጀመርኩ። ጠብታው አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ጥርት ያለ ነበር። በኩራት ወደ ዘሀራ ዞር አልኩ። «ቆንጆ ነው» አለች፤ «ልክ ቆሎ ሲታመስ።» ግማሽ ክፍሌ እዚያው ላይ ሄደ።

ወደ ትልልቆቹ ቀየርኩ። መጀመሪያ ነጎድጓድ መጣ። ከስፒከሩ አይደለም የመጣው፤ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከአምባሰል ተራራ በኩል፣ ሳይቸኩል እየተንከባለለ ነው። ቀጥሎ የቆርቆሮው ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ። ቀጥሎ ሰማዩ እንዳለ ወረደ። ወገኖቼ፣ ላወድሰው ቃል ይቸግረኛል! አሸንዳው ሲሞላ፣ ከሥሩ ያለው በርሜል ሲያጉረመርም፣ አንዲት ዶሮ ስታማርር፣ የሆነ ሰው በር ሲዘጋ ሁሉም በየቦታው ነበር። ዘሀራ እግሮቿን ወንበሩ ላይ ሰበሰበች። በዚያ ሙቀት ሻርፗን ደረበች። የእሷ ፊት ላይ የነበረው ላብ አልነበረም።

ይሄኔ ከውጭ ጩኸት ተሰማ። «ዝናብ! ያ አላህ፣ ዝናብ!» ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ናቸው። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር ዝናብ ሲመጣ ማን ይተኛል? ሮጠን ስንወጣ ሳፋው፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተደርድሯል። እሳቸው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቆመዋል። ሰማዩ ላይ ከኮከብ በቀር ምንም የለም።

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ዝናቡ እኔ ክፍል ውስጥ መሆኑን እንዴት ብዬ ላስረዳ? እንደምንም አስረዳሁ። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና «በል ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ሲያልቅ ረጅሙን ስፒከር በእጃቸው እየዳበሱ «እኔ ስለ ዝናብ የረሳሁትን ይሄ እንጨት ያስታውሳል» አሉ።

ዘሀራ የስፌት መኪናዋን መኝታ ቤት አስገባች። እኔም ትንንሾቹን ለሰይድ መለስኩ፤ ተረቴንም ሳልተርታት ዋጥኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገምቱ። እትዬ ፋጡማ ለጎረቤት አወሩ፤ ጎረቤት ለጎረቤት አወራ። ማታ ማታ ሰፈሩ ዝናብ ሊሰማ ይመጣል። ሌላ ሰው እንዳይታለል መስኮቱና መጋረጃው እንዲዘጋ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። እኔ ለብቻዬ ላዳምጥበት ባሰናዳሁት ክፍል ድርሻዬ በሩ ሥር ሆነ። ተናደድኩ? ትንሽ። ግን ቀኑን ሙሉ ሐሩር የጠበሰው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ትከሻው ሲላላ ሳይ ደስ አለኝ፤ በስፒከሮቼም ኮራሁ።

አንድ ምሽት ላይ ግን ስፒከሮቹ ከመቼውም በላይ ሆኑ። ነጎድጓዱ ስፒከር በሌለበት በኋላችን መጣ። ዝናቡ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጣሪያውም ወረደ። ሰው ሁሉ በመገረም ወደ እኔ ዞረ። እኔም እንደ ባለሙያ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ጥሩ ስፒከር ሲቆይ ድምፁ እየተከፈተ እንደሚሄድ አብራራሁ። እትዬ ፋጡማ አየሩን በአፍንጫቸው ሳቡና «ማሻአላህ! ዛሬስ የአፈሩን ሽታ ሳይቀር አመጣው!» አሉ።

«ጥራት ማለት ይሄ ነው» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

ትንሽ ቆይቶ ቅጂው አለቀ። ዝናቡ ግን ቀጠለ። ሰፈሩ በሙሉ እኔ ቤት ነበር፤ ውጭ አንድ ሳፋ እንኳ አልተቀመጠም።