በረኛችንን ያባረረው አዲስ ኮምፒውተር

መሻሻልን የሚጠላ ሰው የለም ይባላል። አለ፤ እኔ አለሁ። ስልኬ በየማለዳው «ላሻሽልህ?» ብሎ ይጠይቀኛል፣ እኔም በየማለዳው «ነገ» እለዋለሁ። እናንተም እንደዚያው እንደምትሉት አውቃለሁ። ልዩነታችን፣ እናንተ ትንሽ ታፍራላችሁ፣ እኔ አላፍርም። እሺ ባልኩት ቁጥር የማውቀው ቁልፍ ከቦታው ይጠፋል፣ የማላውቀው ቁልፍ በቦታው ይቀመጣል፣ «እንኳን ደስ አለህ» የሚል ጽሑፍም ይመጣልኛል። ምን አገኘሁና ነው ደስ የሚለኝ?

በነገራችን ላይ ሰዒድ እባላለሁ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ጎረምሳ ሆኜ መቀሌ ገብቼ እዚሁ ሸበትኩ። ሓወልቲ አካባቢ ሳህን፣ ባልዲና ቴርሞስ እሸጣለሁ። ደንበኛ አዲስ ቴርሞስ የሚገዛው የድሮው ሙቀት መያዝ ስላቆመ እንዳይመስላችሁ፤ ጎረቤት አዲስ ስለገዛች ነው። በዚህ እንጀራ የምበላ ሰው ስለሆንኩ አላማርርም። እኔን ራሴን ግን በዚያው ወጥመድ ልትይዙኝ አትችሉም።

አንድ ጊዜ ግን ተያዝኩ። እሱን ላጫውታችሁ።

ከሱቄ ጀርባ ባለችው ጓዳ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረኝ። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ከተነሳ በኋላም ትንሽ ያስባል። ውስጡ አንድ የድሮ የእግር ኳስ ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ ጣት የላቸውም፣ ፊታቸው ጠፍጣፋ ነው፣ ተመልካቹም ሁሉ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሶ አንድ ላይ ይነሳል፣ አንድ ላይ ይቀመጣል። ሁለት ሰው በአንድ ኪቦርድ ይጫወታል፤ አንዱ በቀስቶቹ፣ አንዱ በፊደሎቹ፣ ክርን ለክርን እየተገፋፋ። እሁድ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሰው ጓዳዬ ይሰበሰባል። መንገዱ በተዘጋበት፣ ኔት የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን እንኳ መብራት ብልጭ ባለች ቁጥር ተጫውተናል። ጨዋታው ማንንም አላስፈቀደም፣ ከማንም ጋር ልገናኝ አላለም።

በዚህ ጨዋታ የተጫዋቾችን ስም መቀየር ይቻላል። ይህን ያወቅን ቀን የውጪዎቹን ኮከቦች አንድ በአንድ ፍቀን በሰፈራችን ሰው ተካናቸው። ጫማ ሠሪው የግራ ተመላላሽ ሆነ፣ ፀጉር አስተካካዩ አማካይ ሆነ፣ ታክሲ ለመያዝ የማልሮጠው እኔ ተከላካይ ሆንኩ። በረኛው ሓጎስ ነው። እንግዲህ ስሙን በጽሑፍ ቀየርነው እንጂ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ ስለኛ ለውጥ የሰማው ነገር የለም፤ የድሮውን የፈረንጅ ስም እየጠራ ይቀጥላል። ስለዚህ በረኛው ኳስ ባዳነ ቁጥር ጓዳው ውስጥ ያለን ሁሉ ከሰውዬው ድምፅ በላይ «ሓጎስ!» ብለን እንጮኻለን። ከጊዜ ብዛት ይህ ደንብ ሆነ፤ ያልጮኸ ተራው ያልፈዋል።

ሓጎስ የጓደኛዬ የኪሮስ ታላቅ ወንድም ነበር። ኪሮስ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ ስለ ሁሉም ነገር ያወራል፤ ስለ ወንድሙ ግን አያወራም። ሓጎስ በእነዚያ ክፉ የጦርነት ዓመታት ከቤት ወጣ፣ አልተመለሰም። እቤት ስሙ ከተነሳ እናቱ እህል ስለማትቀምስ አይነሳም። የሓጎስ ስም ጮክ ተብሎ የሚጠራው እሁድ ከሰዓት በኋላ በእኔ ጓዳ ብቻ ነበር። ይህቺን ያዙልኝ፤ ሌላውን ብትረሱት አልቀየማችሁም።

ታዲያ ምን ሆነ? የሚስቴ ወንድም ከውጭ መጣ። አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ልቀበለው ብሄድ፣ ከሻንጣው በፊት በክንዱ የታቀፈውን ካርቶን ሰጠኝ። ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ሦስት ማራገቢያ አለው፣ ከሱቄ ምጣድ ያላነሰ ይከብዳል። «በዚያ አሮጌ ነገር ስትጫወቱ አሳዝናችሁኝ ነው» አለኝ። የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ስጦታ ተቀብሎ ሳይጠቀሙበት መቅረት ከስድብ ይቆጠራል፣ ሰጪውም ፎቶ ካልተላከለት አያርፍም። ሰውዬው ተመልሶ ሄዶ እንኳ በደወለ ቁጥር ከእህቱ ጤና ቀድሞ የሚጠይቀው «ገጠማችሁት?» ብሎ ነው።

ካርዱን ይዤ ኮምፒውተር ወደምትጠግነው ወደ ፍሬወይኒ ሄድኩ። አገላብጣ አየችውና ሳቀች።

«ኣያ ሰዒድ፣ ይሄ እኮ ለዚህ ማሽን አይሆንም። ፓወር ሰፕላዩ አይችለውም።»

ፓወር ሰፕላዩ ተቀየረ። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ በድሮው ሳጥን አልገባ አለ፤ ሳጥኑ ተቀየረ። ካርዱ በድሮው ማዘርቦርድ አልሰካ አለ፤ እሱም ተቀየረ። አዲሱ ማዘርቦርድ የድሮውን ራም አላውቀውም አለ። ሙሽራ ለማስገባት በሩን ሲያሰፉ ግድግዳውን ያፈረሱ ሰዎች ሆንን። በመጨረሻ ከድሮው ኮምፒውተር የቀረልን ማውሱ ብቻ ነበር። እሱንም ፍሬወይኒ በክፉ ዓይን ታየው ጀመር።

«ከድሮው ዲስክ ምን ላሻግርልህ?» ብላ ጠይቃን ነበር። እኔና ኪሮስ በአንድ አፍ «ያለውን በሙሉ!» አልናት። ለሷ «በሙሉ» ማለት ፎቶው፣ የሠርግ ቪዲዮውና ዘፈኑ ነው። ለኛ ደግሞ ቡድናችን ቤት እንደሚቀይር ሰው ዕቃውን ጭኖ አዲሱ ጨዋታ ውስጥ የሚገባ መስሎናል። እሷም አልጠረጠረች፣ እኛም አልጠየቅናት።

አዲሱ ጨዋታ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማንነቴን መጠየቅ ነው። በገዛ ጓዳዬ! ኢሜይል ስጥ አለኝ፣ የተወለድክበትን ቀን ንገረኝ አለኝ፣ ማንም አንብቦት የማያውቅ ረጅም ውል አምጥቶ ተስማማ አለኝ። ተስማማሁ። ከዚያ ማሻሻያ ላውርድ ብሎ ቀናት ፈጀ፤ ኔት በተቆረጠ ቁጥር እየተኮሳተረ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሲከፈት ደግሞ ከሜዳው በፊት ገበያ ወጣ፤ ተጫዋች እንደ ብስኩት በፓኬት ይሸጣል። ስም እንቀይር ብንል ኮከቦቹን መንካት አይቻልም። ሰዎቹን እዚያው ለጌቶቻቸው ትተን ሜዳ ገባን።

መካድ አልችልም፣ ያምራል። ሳሩ ለየብቻው ይወዛወዛል፣ የተጫዋቹ ግንባር ላይ ላብ ይታያል። ላብ ለማየት ከሆነ ግን ኪሮስን ነዳጅ ተሰልፎ ሲመለስ ባየው ይሻለኛል።

ያን እሁድ ጓዳው ሞልቷል። እኔ ጠንክሬ መታሁ፣ የኪሮስ በረኛ ተወርውሮ በጣቱ ጫፍ አወጣት። ሁላችንም ከልማድ «ሓጎስ!» ብለን ጮኽን።

ካሜራው ወደ በረኛው ቀረበ። ጓንቱን ያስተካክላል፤ ጺሙ፣ ጠባሳው፣ የዓይኑ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይታያል። ሌላ ሰው ነው። ያኔ ነው የገባኝ። የድሮው በረኛ ፊት ስላልነበረው ሓጎስ መሆን ይችል ነበር፤ የዚህኛው ፊት ግን ለማንም ቦታ አይለቅም። ማሻሻያ ብለው የሰጡን እኛ የምንገባበትን ክፍተት ሁሉ ደፍነው ነው። ተናደድኩ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ኪሮስ እጁን ከኪቦርዱ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። «በል ሓወይ፣ ነዳጅ ልሰለፍ» ብሎ ወጣ። በቀጣዩ እሁድ አልመጣም። ከዚያ በሚቀጥለውም።

ፍሬወይኒ ዘንድ ሄጄ የድሮውን ዲስክ መልሽልኝ አልኳት።

«ፎርማት አድርጌዋለሁ እኮ ኣያ። ጨዋታ እንደሆነ እንደገና ይጫናል ብዬ...»

ሓጎስ ማን እንደሆነ ነገርኳት። የያዘችውን መፍቻ አስቀምጣ «ዋይ ኣነ» አለች። ከዚያ ከመደርደሪያዋ የድሮውን ሳጥን፣ የድሮውን ማዘርቦርድ፣ የድሮውን ራም እየለቀመች መልሳ ገጠመችው። ጨዋታውንም ከራሷ ዲስክ አግኝታ ጫነችልኝ፤ ቡድኑ ግን የለም፣ የፈረንጆቹ ስም እንደነበረ ተደርድሯል። የሠርግ ቪዲዮም ስለምትሠራ ካርዱን «ለሥራሽ ተጠቀሚበት» ብዬ ትቼላት ወጣሁ። ለሚስቴም ወንድም ደወልኩና «አልፈለግነውም» አልኩት፣ ሳላለሳልስ። ተቀይሟል። ይቀየም!

ኪሮስን ባጃጅ ተራ ላይ አገኘሁት።

«ቡድኑ ጠፍቷል። ና እንደገና እንጻፈው።»

ቁልፉን ከባጃጁ ነቀለ። «ድሓን» አለና ተነሳ።

ሁለታችን ብቻችንን ጓዳው ውስጥ ቁጭ ብለን ስሞቹን ከበረኛው ጀመርን። የሓጎስን የመጀመሪያ ፊደል እንደነካሁ ኪሮስ እጄን ያዘኝ።

«ኣይፋል። እዚያ አታግባው።»

ደነገጥኩ። ቂም ይዞብኛል ብዬ አሰብኩ።

«ሓጎስ በረኛ መሆን ይጠላ ነበር» አለኝ። «ሜዳ ላይ ስንጫወት፣ ስለወፈረ እኛ ነን በር ላይ ያቆምነው። አጥቂ ነኝ ይል ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ጨዋታ መሃል በሩን ባዶ ትቶ ጎል ላገባ ብሎ ይሮጣል። አንድ ቀን እንዲያውም...»

ያን ቀን ስለ ወንድሙ አወራ። ያወራውን ሁሉ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ የተነገረው ለኔ ነው። ሱቁ ከፊት ክፍት ነበር፣ ደንበኛ ጠርቶኝ ጠርቶኝ ሄደ። ሲጨርስ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበና አጥቂው ቦታ፣ ዘጠኝ ቁጥር ላይ የሓጎስን ስም በራሱ ጣት ጻፈ። ፍጥነቱንም እሱ ሞላ፤ «ወንድሜ ነው፣ አልዋሽለትም» ብሎ ዝቅተኛውን ሰጠው። በሩ ላይ እኔን አቆመኝ።

አሁን በየእሁዱ እንሸነፋለን። ሓጎስ ከባዶ ጎል ፊት ቆሞ ወደ ሰማይ ይመታል፣ ጓዳው በሳቅ ይፈርሳል፣ ኪሮስም እየሳቀ እንባውን ይጠርጋል። ባለፈው ፍሬወይኒ መጥታ ጥቂት አየችና አዘነችልን። የተጫዋቹን ችሎታ በቁጥር ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ቅጽበት አይፈጅም፣ ላሻሽልላችሁ አለችን።

«እንዳትነኪው!» አልናት፣ ሁላችንም።