አሸዋ ላይ የተጎተተው ቤት

ጭቃ የሚያውቅ ሹፌር አሸዋም የሚያውቅ ይመስለዋል። በምን አወቅህ አትሉኝም? በራሴ ነዋ! ሆሳዕና ያደገ፣ በየክረምቱ ከዶዮገና ዳገት ጋር ሲታገል የኖረ ሹፌር፣ መኪና ተያዘ ሲባል ይስቃል። እኔም ስስቅ ኖሬያለሁ።

ጎረቤቴ ጋሽ ሃንዲሶ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ልጃቸው ምሕረት ኦሞ በረሃ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። የስንቱን ልጅ ስትቀበል ኖራ አምና የራሷን ወለደች። አራሷን ማን ያርሳታል? እናቷ እቴቴ አማረች ናቸዋ! ግን የት ይደሩ? ምሕረትና ባሏ ያለቻቸው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ጋሽ ሃንዲሶ አወጡ አወረዱና፣ ቤት ከሌለ ቤት ይዘን እንሄዳለን አሉ። በያጅ ጠርተው፣ አልጋና ምድጃ ያላት ባለ ሁለት ጎማ የቆርቆሮ ቤት አሠሩ። የምትጎተተው በእኔ ፒካፕ ነው።

ከተማው ሳቀ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌማ፣ ቤቱን በአሸዋ ላይ የሠራውን ሰው መጨረሻ አላነበብክም ወይ ብለው ጠየቋቸው። ጋሽ ሃንዲሶ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? እሱ ሠራ እንጂ መች ጎተተ!

ሁለት ቀን ሦስታችን እየዘመርን ሄድን። በሦስተኛው ቀን አስፋልቱም ጠጠሩም አለቀና አሸዋ ተዘረጋ። ጋሽ ሃንዲሶ ከጎኔ ሆነው፣ ቀስ በል፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉኛል። ቀስ አልኩ። ቆምን። ተረቱን የተረተው ሰው በረሃ አያውቅም ለካ! አሸዋ ላይ ቀስ ያለ እንቁላል እዚያው ይቀቀላል።

ነዳጅ ሰጠሁ፤ ጎማው ዞረ፣ መኪናው ወረደ። ጨመርኩ፤ ጨመረ። የቤቷ ሆድ አሸዋ ነካ። ቆፈርን፣ ገፋን፣ ምንም። ውሃችን ግማሽ ጀሪካን አይሞላም። ጋሽ ሃንዲሶ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቤቷን ትተን እንሂድ አሉ። ሳቄ የት እንደገባ እንጃ።

እቴቴ አማረች ግን በአጠገባችን የሚያልፉ ሁለት ግመሎች ላይ ዓይናቸውን ተክለዋል። የሺንሺቾ ሴት ናቸው፤ ግመል በቅርብ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

"አንተ ልጅ፣ የዚህን እንስሳ እግር አየኸው? ሲረግጥ እንደ ሊጥ ይሰፋል። ያንተ ጎማ ግን ተወጥሯል።"

"እቴቴ፣ ጎማ እኮ ግመል አይደለም።"

"ግመል ቢሆንማ መች ይሰምጥ ነበር? አስተንፍሰው!"

ምን አማራጭ አለኝ? የፒካፑንም የቤቷንም ጎማ ሆዱ እስኪዘረጋ አስተነፈስኩ። ከፊቱ ያለውን አሸዋ ጠረግን። ተነሳሁ። ቤቷ ተንገጫገጨች፣ ድስቱ ውስጧ ተንኳኳ፣ ወጣች! እቴቴ እልልታቸውን አቀለጡት። ጋሽ ሃንዲሶ ጫማቸው ወልቆ ከኋላ እየሮጡ፣ "እንዳትቆም! እንዳትቆም!" ይላሉ። ጠንካራ መሬት ሳልረግጥ አልቆምኩም። እዚያ በእጅ ፓምፕ ጎማ ስንነፋ ወገባችን ተቆረጠ፤ ግን ማን ግድ አለው?

ምሕረት ልጇን ታቅፋ ደጅ ቆማ ነበር። እናቷን ስትጠብቅ ቤት መጣላት! ሳቀች፣ አለቀሰች። እቴቴ ሕፃኑን ተቀብለው፣ እዚያው ጓሮዋ ውስጥ፣ የገዛ ቤታቸው ገቡ።

በሳምንቱ ብቻዬን ስመለስ አንድ አዲስ የቱሪስት መኪና አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ አገኘሁ። ወረድኩ። ጎማውን መታ መታ አደረግኩና፣ አስተንፍሰው አልኩት ሹፌሩን። ወጣ! ሰውዬው እጄን ይዞ፣ ይህን ከየት ተማርክ አለኝ።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ግመልም የለ፣ እቴቴም የሉ።

"የብዙ ዓመት ልምድ ነው፣ ወንድሜ" አልኩት።