ለነርሷ እንቅልፍ ሲባል

የጋራ ቤቱ ነዋሪዎች መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት

ቦታ፦ ወጥ ቤት፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ። ሳሎኑ እርጥብ ልብስ ስለተሰጣበት ለስብሰባ አልተመቸም።

የተገኙ አባላት፦
ጡረተኛው የሒሳብ መምህር፣ ሊቀመንበር
ልብስ ሰፊዋ፣ አባል
አናጢው፣ አባል
ነርሷ፣ አባል
የማተሚያ ቤት አራሚው፣ ጸሐፊ (ባለፈው ስብሰባ ላይ ባለመገኘታቸው በሙሉ ድምፅ የተመረጡ)

ያልተገኘ አባል የለም። አናጢው ለመቅረት አስበው እንደነበር፣ ሆኖም ስብሰባው ወጥ ቤት ውስጥ በመሆኑ ረሃብ እንዳስገባቸው ገልጸዋል።

ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ከመክፈታቸው በፊት ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን አረጋግጠዋል። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ምልዓተ ጉባኤ ማለት የአባላት ግማሽ ሲደመር አንድ ነው። የአምስት ግማሽ ሁለት ተኩል ስለሆነ የሚያስፈልገው ሦስት ሰው ተኩል ነው። ልብስ ሰፊዋ ግማሹ ሰው ከየት እንደሚመጣ ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ አምስታችንም ስላለን ጥያቄው ለጊዜው እንደማያሳስብ መልሰዋል።

አጀንዳ አንድ፦ የዝምታ ደንብ

ሊቀመንበሩ እንዳስረዱት፣ በሥጋ የማንዛመድ አምስት ሰዎች አንድ ወጥ ቤትና አንድ መታጠቢያ ቤት ተካፍለን ለመኖር የተስማማነው ለመተሳሰብ ነው። ነርሷ የሌሊት ተረኛ ስለሆኑ ቀን መተኛት አለባቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ፊታቸው ገርጥቷል፤ እራት ላይ ማንኪያ እንደያዙ ያንቀላፋሉ። ለዚህ ተጠያቂው የቤቱ ጩኸት ነው።

ነርሷ ስለ እንቅልፋቸው ለማንም አቤት እንዳላሉ ተናግረዋል። ሊቀመንበሩ የነርሷ ትሕትና በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር አዘዋል። ሰፍሯል።

በመቀጠል ሊቀመንበሩ የልብስ ስፌት ማሽን፣ መዶሻና መጋዝ ቤት ውስጥ እንዳይሠራባቸው ሐሳብ አቅርበዋል። ልብስ ሰፊዋ የሊቀመንበሩ ሬዲዮ በዝርዝሩ ውስጥ ለምን እንዳልተካተተ ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ ጩኸት ማለት ሰው ሊሰማው የማይፈልገው ድምፅ መሆኑን፣ ሬዲዮውን ግን እሳቸው ሊሰሙት እንደሚፈልጉ አብራርተዋል። ልብስ ሰፊዋ በዚህ ሒሳብ እሳቸውም ማሽናቸውን እንደሚወዱት፣ ባለፈው ሳምንት ግን ሬዲዮው በድንገት ስለ ዝናብ ሲያምባርቅ ደንግጠው የደንበኛ እጀታ ከኪስ ጋር አብረው መስፋታቸውን አስታውሰዋል።

«ጋሼ፣ የሚጮኸው ሬዲዮው አይደለም፤ ጆሮዎ ነው የከበደው» ብለዋል ልብስ ሰፊዋ።

ሊቀመንበሩ «ምን አሉ?» ብለው ጠይቀዋል። ጸሐፊው ንግግሩን ደግመዋል። ሊቀመንበሩ ጆሯቸው የመርፌ መውደቅ እንደሚሰማ፣ ችግሩ የዘመኑ ሰው ቃል ሲናገር አፉን አለመክፈቱ እንደሆነ አስረድተዋል።

አናጢው ሳቅና ማስነጠስም በደንቡ ይካተቱ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይህን ያሉት በቀልድ ቢሆንም ሊቀመንበሩ እንደ ሐሳብ ተቀብለውታል። ጸሐፊው ቶሎ ቶሎ ስለሚያስነጥሳቸውና በዚህም የግል ጥቅም ስላለባቸው ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦ ለነርሷ እንቅልፍ ሲባል ማሽን፣ መዶሻና መጋዝ ከቤቱ እንዲወጡ፤ ሳቅ ግቢ ውስጥ እንዲፈጸም፤ የሚያስነጥስ ሰው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ፤ ሬዲዮው «መረጃ» ተብሎ እንዲመደብ በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ተአቅቦ ተወስኗል። ከደጋፊዎቹ አንዷ ነርሷ ነበሩ። እጃቸውን ያወጡት ግን ለማዛጋት እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። ድምፁ ተቆጥሮ ስለነበር አልተለወጠም።

አጀንዳ ሁለት፦ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ በአንድ ሰው ስለመያዙ

አናጢው በየማለዳው መታጠቢያ ቤቱ ተቆልፎ፣ ቧንቧው ክፍት ሆኖ፣ ውስጥ ያለው ሰው ሳይታወቅ እንደሚቆይ፣ እሳቸውም ሳይታጠቡ ሥራ በመሄዳቸው አሠሪያቸው «ከሰጋቱራው ሥር ነው እንዴ ያደርከው?» እንዳላቸው አመልክተዋል። ሊቀመንበሩ ገብቶ የሚቆየው ማን እንደሆነ ጠይቀዋል። ልብስ ሰፊዋ ነርሷን ቀና ብለው አይተው መልሰው ወደ ክራቸው አቀርቅረዋል።

ሊቀመንበሩ የበሩ መቆለፊያ እንዲነቀልና ውስጥ ያለው ሰው መኖሩን በማንጎራጎር እንዲያሳውቅ ሐሳብ አቅርበዋል። ጸሐፊው ይህ ከአጀንዳ አንድ ውሳኔ ጋር እንደሚጋጭ አሳስበዋል። ሊቀመንበሩ ማሳሰቢያው ትክክል መሆኑን ተቀብለው ጥቂት አሰቡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦ መቆለፊያው እንዲነቀልና ተጠቃሚው በልቡ እንዲያንጎራጉር ተወስኗል። አናጢው ውጭ የቆመ ሰው በልብ የሚንጎራጎረውን እንዴት እንደሚሰማ ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች መግባባት ካልቻሉ አብሮ መኖር ምን ትርጉም እንዳለው ጠይቀዋል። ጥያቄው በጥያቄ ተዘግቷል።

አጀንዳ ሦስት፦ ሎሚ

የጋራው ሎሚ በተገዛ ማግስት እንደሚያልቅ፣ ልጣጩ ሳይቀር እንደማይገኝ ሊቀመንበሩ ገልጸዋል። አናጢው አይጥ ጠርጥረዋል። ሊቀመንበሩ ሎሚ የሚወድ አይጥ አለመኖሩን፣ ይህ በግልጽ የሰው እጅ መሆኑን ተናግረዋል።

ልብስ ሰፊዋ «እረ ተዉ! ሰው አምሮት ሲይዘው ይበላል። ለሎሚ ችሎት ይቆማል እንዴ?» ብለዋል።

ሊቀመንበሩ አምሮት አጀንዳ ውስጥ እንዳልተያዘ አሳስበዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦ ሎሚው አናጢው በሚሠሩት ሣጥን ውስጥ እንዲቆለፍ፣ ቁልፉም የጤና ባለሙያና እምነት የሚጣልባቸው በመሆናቸው በነርሷ እጅ እንዲቀመጥ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ነርሷ ኃላፊነቱን ወዲያው ተቀብለዋል። ልብስ ሰፊዋ ድንገት ተነስተው ለመሳቅ ወደ ግቢ ወጥተዋል፤ ይህም አዲሱ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረበት ሆኗል።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ሊቀመንበሩ ሌላ ጉዳይ ያለው እንዳለ ጠይቀዋል። ነርሷ እጃቸውን አውጥተዋል። እያዛጉ እንዳልሆነ ተጠይቀው አለመሆኑን አረጋግጠዋል።

ነርሷ የዝምታው ደንብ ማንበብ ለማይችል ሰው እንዴት እንደሚነገር ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ በቃል እንደሚነገር መልሰዋል። ነርሷ ቋንቋም ባይችልስ ብለዋል። ሊቀመንበሩ ይህ ሰው ማን እንደሆነ እንዲነገራቸው ጠይቀዋል።

«ስም ገና አላወጣሁለትም» ብለዋል ነርሷ። «እርጉዝ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ «ምን አሉ?» ብለዋል። ነርሷ ደግመዋል። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው አሁንም አለመስማታቸውን አመልክተዋል። ነርሷ ለሦስተኛ ጊዜ ቆመው በሙሉ ድምፃቸው ሲናገሩ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤት በመስኮት «እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ!» ብላለች። ጎረቤቲቱ አባል ስላልሆነች አስተያየቷ በቃለ ጉባኤው አልተመዘገበም።

አናጢው በመጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ የሎሚውን ሳህን ሲያዩ ቆይተው «አሃ» ብለዋል።

ነርሷ ንግግራቸውን ቀጥለው የቤቱ መተዳደሪያ ደንብ ቤቱ የአዋቂዎች ብቻ ነው እንደሚል፣ ይህን ሲፈርሙ ማወቃቸውን፣ ስለዚህ ከአንዲት የሥራ ባልደረባቸው ጋር ስለ አንድ ክፍል መነጋገራቸውንና በወሩ መጨረሻ ለመውጣት ማሰባቸውን አስታውቀዋል። ዛሬ ሊነግሩን የመጡት ይህን እንደነበር፣ ግን ከአጀንዳ አንድ ጀምሮ አፋቸው እንደተያዘ ጨምረዋል።

«ለእኔ እንቅልፍ ብላችሁ ቤቱን ገዳም አደረጋችሁት። ልጅ ታቅፌ ገዳም እገባለሁ?» ብለዋል። ድምፃቸው ጥቂት ተሰብሯል። ልብስ ሰፊዋ ከሥራቸው ላይ የተረፈ ነጭ ጨርቅ ሰጥተዋቸዋል።

ሊቀመንበሩ ስለ አባትየው ሊጠይቁ ሲጀምሩ ነርሷ እሱ አጀንዳ እንዳልተያዘ አሳስበዋል። ማሳሰቢያው ሥርዓቱን የተከተለ በመሆኑ ሊቀመንበሩ ጥያቄውን ትተዋል።

በዚህ ጊዜ አናጢው ፈቃድ ሳይጠይቁ ስብሰባውን ጥለው ወጥተዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከምድር ቤት የመጋዝ ድምፅ ተሰምቷል። ጸሐፊው ይህ የአጀንዳ አንድን ውሳኔ በቀጥታ እንደሚጥስ ለሊቀመንበሩ አመልክተዋል። ሊቀመንበሩ ምንም እንዳልተሰማቸው ተናግረዋል። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ወደ ታች «ጠርዙን አለስልሰው! የሕፃን እጅ ነው የሚይዘው!» ብለው ጮኸዋል።

ነርሷ እንዲህ ያለ ነገር ውሳኔያቸውን ይበልጥ ስለሚያከብድባቸው እንዳይደረግ ለምነዋል። ቤት ማለት አልጋ ብቻ እንዳልሆነ፣ እሳቸው ሌሊት ሥራ ሲገቡ ልጁን የሚይዝላቸው እንደሌለ፣ ይህን ሌት ተቀን ሲያወጡና ሲያወርዱ እንቅልፍ እንዳጡ፣ መዶሻና ማሽን አንድም ቀን ቀስቅሷቸው እንደማያውቅ ገልጸዋል።

«ታዲያ ይሄን ስንት ጊዜ ተሸክመሽው ዞርሽ?» ብለዋል ልብስ ሰፊዋ። «አንድ ማዕድ እየበላን? የዩኒፎርሜን ወገብ አስፊልኝ ስትዪኝ እኮ ገብቶኝ ነበር። ራሷ ትንገረኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። የኔም ጥፋት አለበት፣ ልጄ።»

ነርሷ ጨርቁን በመጠቀም ላይ ነበሩ።

ሊቀመንበሩ መናገር ሲፈልጉ እንደሚያደርጉት መነጽራቸውን አውልቀዋል። ከዚያም ሌሊት ሌሊት ልጁን እሳቸው እንደሚይዙ ተናግረዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሌሊቱ እንደሚረዝምባቸው፣ ሬዲዮውንም የሚከፍቱት ስለ ዝናብ ለማወቅ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ሰው የሚናገር እንዲመስላቸው እንደሆነ ገልጸዋል። አክለውም፣ ይህ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ስለፈለጉ ቀስ ብለው፣ ጆሯቸው እንደማይሰማ አምነዋል።

ልብስ ሰፊዋ በጨዋነት «ጋሼ፣ ካልሰሙ ማልቀሱን እንዴት ሊያውቁ ነው?» ብለው ጠይቀዋል።

«ምን?»

ጥያቄው ተደግሞላቸዋል።

«ደረቴ ላይ አይደል የማስተኛው?» ብለዋል ሊቀመንበሩ። «ሕፃን ሲያለቅስ ሁለመናው ይንቀጠቀጣል። እሱን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም።»

ከዚህ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ማለዳውን፣ ጸሐፊው ቅዳሜንና እሑድን ለመያዝ ራሳቸውን አቅርበዋል። ጸሐፊው ሕፃን ይዘው ቢያስነጥሱ ምን እንደሚሆን ተጠይቀው፣ አስቀድመው እንደሚያሳውቁ ቃል ገብተዋል። አናጢውም ከታች «እኔን አትርሱኝ! ማታ ማታ የኔ ነው!» ማለታቸው በግልጽ ተሰምቷል።

ቤቱ የአዋቂዎች ብቻ ነው የሚለው አንቀጽ ለውይይት ቀርቧል። ልብስ ሰፊዋ የዛሬውን ስብሰባ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያየ ሰው አንቀጹን በጥብቅ ልተርጉም ቢል ከመካከላችን ማን እንደሚተርፍ ጠይቀዋል። አንቀጹ ያለ ተጨማሪ ክርክር ተሰርዟል።

ሊቀመንበሩ ነርሷ ይቆዩ እንደሆነ በትሕትና ጠይቀዋል። ነርሷ መጀመሪያ «እስኪ ላስብበት» ብለው፣ ቀጥለው ለባልደረባቸው ደውለው ክፍሉን ለሌላ ሰው እንድትሰጠው ነግረዋታል። ስልኩን እንደዘጉ ራሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈዋል። ሊቀመንበሩ ድምፅ እንዲሰጥ ሲጠይቁ ነርሷ እጃቸውን አላወጡም። ጠጋ ተብሎ ሲታይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዛሬው ስብሰባ ስለ ዝምታ፣ ስለ መታጠቢያ ቤትና ስለ ሎሚ የተወሰኑት ውሳኔዎች በሙሉ እንዲሻሩ፤ ማሽኑ፣ መዶሻው፣ መጋዙ፣ ሳቁና ማስነጠሱ ወደ ቤቱ እንዲመለሱ በአራት ድምፅ ተወስኗል። አናጢው ድምፃቸውን የሰጡት የሕፃን አልጋ ጎን ይዘው በሩ ላይ ቆመው፣ ጫማቸውን ካወለቁ በኋላ ነው።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ሊቀመንበሩ የመዝጊያ ንግግራቸውን በእጅ ምልክት አድርገዋል። አባላት ወንበር ሳይጎትቱ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ወጥተዋል።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ሽረት ነርሷ ከነቁበት ጊዜ ጀምሮ የጸና ይሆናል።