ሳይመታ የሚጥለው ምንያህል

ሁለት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ አዟሪ አይጠፋም። አዟሪ አይመታህም፣ አይሰድብህም፤ ፊትህን ብቻ ያዞረዋል፣ ገደሉን በራስህ ጉልበት ትገባዋለህ። የጁባ አዟሪዎች ሊቀመንበር የጄኔሬተር ጠጋኙ ምንያህል ነው። ሀይ ጀላባ በሚባለው የጁባ ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት ያለው ሠርፀ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ በማወቁ ግን የተጠቀመው ነገር የለም።

ምግብ ቤቱ ጥግ ላይ አንድ ከአገር የወጣ ደንበኛ ጥሎት የሄደው ጌም አለ። ከምሳ በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሠርፀና ምንያህል ጆይስቲክ ይዘው ይቀመጣሉ። ጨዋታው አየር ላይ በተንሳፈፈች መድረክ ላይ የሚደረግ ድብድብ ነው። ተመትቶ ከመድረኳ የወጣ ዘሎ ካልተመለሰ ቁልቁል ወድቆ ይቀራል፤ የመመለሻዋ ዝላይ ደግሞ የምትወስድህ ፊትህ ወዳለበት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ቡጢና እርግጫ ያለው ተደባዳቢ ሲመርጥ፣ ምንያህል የመረጠው ፎጣ የያዘ ሽማግሌ ነው። ፎጣው አያምም። ሽማግሌው ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ልትዘል ስትነሳ ፎጣውን ያራግባል፤ ፊትህ ይዞራል። ጣትህ ግን ቁልፉን ተጭኖ ጨርሷልና ያ ሁሉ ጉልበትህ ወደ ባዶው ይዞህ ይሄዳል።

"ከላስ፣ አለቀ፤ እኔ ምን አደረግሁህ? ራስህ ነህ የዘለልከው" ይላል ምንያህል፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ።

ከጌም ውጭም ያው ነው። አንድ ቀን ተጠግኗል የተባለው ጄኔሬተር ምሳ ሰዓት ላይ ቀጥ አለ። ሠርፀ ደሙ ፈልቶ ምንያህል ጋራዥ ድረስ ሄደ።

"ጠገንኩት አላልክም?"

"ቤቱ ሞልቶ ነበር?"

"ጢም ብሎ።"

"ታዲያ ፍሪጁንም ማራገቢያውንም ቴሌቪዥኑንም በአንዷ ምስኪን ጄኔሬተር ላይ ትጭናለህ? አንተ ብትሆን አትጠፋም?"

ሠርፀ ይቅርታ ጠይቆ፣ ምሳም ጋብዞት ተመለሰ። የጴንጤው ጎረቤታቸው የሺጥላም ምንያህልን ወንጌል ሊመሰክርለት ገብቶ፣ አመሻሹ ላይ እጁ በግራሶ ተለውሶ፣ የነዳጅ ማጣሪያ ሲያጥብ ተገኝቷል።

በ2008 ሐምሌ ጁባ ላይ ተኩስ ተከፍቶ የአገር ልጅ ሁሉ ሲወጣ፣ ሠርፀም ሊሰናበተው ሄዶ ነበር። "ሂድ" አለው ምንያህል። "ሁሉም ከሄደ ግን ለቀረው ሰው ማን ያበስላል?" ሠርፀ ከዚያ ወጥቶ የሄደው ወደ ኤርፖርት ሳይሆን ሽንኩርት ሊገዛ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ቆየ። ዱቄቱ ተወደደ፣ ደንበኛው ሳሳ፣ ሠርፀም ታከተው። ሚስቱ ማናህሎሽ አዲስ አበባ ሆና በስልክ "መቼ ነው?" ማለቱን ትታለች፤ የሚጨንቀውም መተዋ ነው። ስለዚህ ምግብ ቤቱን ለአብሳይዋ ለሒሩት አስረከበ። የቀረው ለምንያህል መንገር ብቻ ነበር፤ ያንን ፈርቶ እስከ መጨረሻው ከሰዓት አቆየው። ጨዋታው መሐል ላይ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ተናገረ።

"ነገ ወደ አገሬ ልገባ ነው።"

ምንያህል መጫወቱን ቀጠለ። ሠርፀ ጥያቄውን ጠበቀ፤ የለመደው ጥያቄ አልመጣም። ወዲያው ተመትቶ ከመድረኳ ወጣ፣ ሽማግሌውም እንደ ልማዱ ፎጣውን ይዞ ዳር ላይ ቆመ። ሠርፀ መውደቁን አምኖ ዘለለ።

ፎጣው አልተነቃነቀም። ሠርፀ መድረኳ ላይ አረፈ፣ ሽማግሌውን መታው፣ ሽማግሌውም ወደቀ። በምንያህል ላይ ያገኘው የመጀመሪያ ድል ነበር፤ ደስ ግን አላለውም።

"ለምን አላዞርከኝም?"

"ማናህሎሽ ብዙ ጠበቀች" አለ ምንያህል።

እውነቱን ለመናገር፣ ሠርፀ ነገሩን ይዞ እዚህ ሰው ፊት የተቀመጠው እንዲያዞረው ነበር። ይህን ሰው ይወደዋል፤ ትቶት መሄድ አልሆንለት ብሏል።

"አንዴ እንድገም" አለ። "አሁን ግን የምርህን ተጫወት።"

ምንያህል ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነሳ።

"አይሆንም። ነገ ኤርፖርት ድረስ ሻንጣህን የምይዘው እኔ ነኝ" አለ። "አንተ ከያዝከው ከመንገድ ይዘኸው ትመለሳለህ።"