ስኳር ፍለጋ አንበሳሜ ድረስ

ስኳር የሚወድ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው! አትቆጡ… እኔም አንዱ ነኝ። ካላመናችሁኝ ስኳር ወዳጅ ሰው ፊት ሻይ አስቀምጡና "ምን ያህል ይጨመርልህ?" በሉት። "ትንሽ ብቻ" ይላችኋል። የስኳሩን ዕቃ አስጠጉለትና ለአፍታ ፊታችሁን አዙሩ። ስትመለሱ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ያለ ደጋፊ ቆሟል!

እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት ውሃ ጥም አላስቀምጥ አለኝ። እጠጣለሁ፣ እወጣለሁ፤ እጠጣለሁ፣ እወጣለሁ… ስለ ዓባይ ገባሮች እያስተማርኩ ከክፍል ስሮጥ ተማሪዎቼ "መምህር ገባር ሊጨምር ሄደ" ይባባሉ ጀመር።

ይኼኔ ነው ባለቤቴ የሺ እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ የወሰደችኝ። ሲስተር ትዕግስት ጣቴን ወጋ አድርጋ ደሜን ለካች። የመሣሪያውን ቁጥር አየች፤ እኔን አየች፤ መልሳ ቁጥሩን አየች።

"መምህር፣ ሻይ ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር ይጨምራሉ?"

"አንድ!"

የሾርባ ማንኪያ መሆኑን ማን ጠየቀኝ?

"ጭልፋ በይው፣ ሲስተር!" አለች የሺ ከጎኔ።

"ስኳር አለብዎት" ተባልኩ። እስቲ ፍረዱኝ! አገር በሙሉ "ስኳር ከሱቅ ጠፋ" እያለ ሲጮህ፣ ለካ እኔ ደም ውስጥ ተደብቆ ኖሯል! ሲስተር መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ስኳሩን እንድተው፣ በእግሬም እንድሄድ አስጠነቀቀችኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጓደኛዬ አለምነው፣ ዓይኑን ከስልኩ ላይ የማይነቅለው የፊዚክስ መምህር፣ ሐዘኔን አየና ሳቀብኝ።

"ይኼ ነው የሚያስጨንቅህ? ስቴም ሴል የሚባል መጥቷል እኮ! ከሴል አዲስ አካል ያበቅላሉ። ባህር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው አያቆጠቁጥም? ስኳርን የሚያስተካክለው ያንተም ቆሽት እንደዚያው ነው!"

ደስታዬን ብታዩት! እየበረርኩ ቤቴ ገባሁ።

"የሺ! ሻይ ጣጂ፣ ስኳሩንም አውጪው! አሮጌውን ቆሽት እንጨርሰውና አዲስ እናበቅላለን!"

የባህር ዛፉን ነገር እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘችኝ።

"አንተ ባህር ዛፍ ነህ?"

"ምሳሌ እኮ ነው…"

"ላም አለኝ በሰማይ! ባህር ዛፍ ከሆንክማ ውሃ ይበቃሃል" ብላ የስኳሩን ዕቃ ይዛው ሄደች።

የሺን አታውቋትም። ሐጂ ሰይድ ሱቅ ብሄድ ስኳሩ በጆንያ ከኋላቸው እንደ ጉና ተራራ ተቆልሏል።

"ሐጂ፣ ስኳር አለ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ሞልቷል።"

"እንግዲያው ይስጡኝ።"

"ለአንተ የለም፤ የሺ መጥታ ነበር።" ሐጂ አይዋሹም።

ሻይ ቤት ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ አስተናጋጇ ወደ ጓዳ ዞራ "የመምህር ያለ ስኳር!" ብላ ጮኸች። ይባስ ብሎ የንስሐ አባታችን መምሬ ሞላ ቤት ድረስ መጥተው፣ "ልጄ፣ ሥጋህን አትበድል። ስኳር ስትቀምስ ብሰማ ስግደት አለብህ!" አሉኝ። ከተማው በሙሉ ተከበበ፣ ወገኖቼ!

ታዲያ እኔስ ጂኦግራፊ ለመቼ ነው የተማርኩት? "በግ ልገዛ ነው" ብዬ በሚኒባስ ወደ አንበሳሜ ሄድኩ። እዚያ የሚያውቀኝ የለም፤ የሺም አልደረሰችም። ከገበያው ጥግ ካለች ሻይ ቤት ገብቼ አዘዝኩ። የስኳሩን ዕቃ እንዳለ ፊቴ አስቀመጡልኝ። እንደ ልብ! ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ ቀመስኩ፣ ደግሞ ጨመርኩ… አንዴ ፉት ስል ዓይኔ በራሱ ጊዜ ተከደነ።

ከምሰሶው ጀርባም ሌላ ማንኪያ ቅጭል ቅጭል ይላል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ነው፤ ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጋቢ… ሳላስበው አስነጠሰኝ። ሰውየው ዞረ።

መምሬ ሞላ!

"ልጄ… እዚህ ምን ታደርጋለህ?"

"በግ ልገዛ ነው፣ አባቴ። አንቱስ?"

"እኔም… በግ።"

ዓይኖቻችን ቀስ ብለው ወደ ብርጭቆዎቻችን ወረዱ።

"ያንተ በግ ጣፍጧል?" አሉኝ በሹክሹክታ።

በሳቅ ፈነዳን! እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ፤ እሳቸው ጥምጥማቸው እስኪላላ ተንፈቀፈቁ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን።

እንባችንን ስንጠርግ መምሬ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። "ሐኪም ስኳር አለብዎት ካለኝ ቆየ፤ ለሰው አልተናገርኩም" አሉኝ ቀስ ብለው። "በጾሙ ቅቤውን ተውኩ፣ ሥጋውን ተውኩ… ስኳር ግን የጾም ነው እኮ! እሱንም ተው ሲሉኝ ምን ቀረኝ ብዬ ነው። አሁን ግን ፈራሁ፣ ልጄ። ዳዊቱ እየደበዘዘብኝ ነው። በቃሌ ስለምወጣው ሰው አያውቅብኝም። ማኅሌት ስቆምም እግሬ የእኔ አይመስለኝም።"

ላጽናናቸው ብዬ የአለምነውን ወሬ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ።

"ዓይንስ ያበቅላል?"

እዚህ ላይ መዋሸት አቃተኝ። "አላውቅም አባቴ። አብረን ሄደን እንጠይቅ።"

አማተቡና ብርጭቋቸውን ገፋ አደረጉ። እኔም ገፋሁ። (እውነቱን ልናገር፣ የእኔው አልቆ ነበር።)

ደብረ ታቦር ተመልሰን ሐኪም ቤት አብረን ገባን። ሐኪሙ ጉና ሥር ያደገ ወጣት ነው፤ ስቴም ሴል ስለው አልሳቀብኝም።

"ነገሩ ውሸት አይደለም፣ ጋሼ። ኢንሱሊን የሚያመነጩ ሴሎች ከስቴም ሴል ሠርተው ለሕሙማን እየሞከሩት ነው፤ ተስፋም አለው። ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። የሚሞከረውም በአብዛኛው ቆሽታቸው ኢንሱሊን መሥራት ላቆመ ሰዎች ነው። የእናንተ ግን አሁንም ይሠራል፤ ደክሞት ነው።"

"እንደ በሬ?" አሉ መምሬ።

"እንደ በሬ፣ አባ! እናንተ ደግሞ 'ሌላ በሬ ይመጣል' እያላችሁ ይኼኛውን በጅራፍ ትሉታላችሁ። መድኃኒታችሁን ውሰዱ፣ ስኳሩን ተዉት፣ ተንቀሳቀሱ። አዲሱን ቆሽት በስልክ የሚሸጥላችሁ ካለ ግን ሸሽታችሁ ሩጡ… እሱም እንቅስቃሴ ነው!"

መምሬን ወደ ዓይን ሐኪም ላካቸው። "በጊዜ ደርሰዋል" ሲባሉ በረጅሙ ተነፈሱ፤ እኔም አብሬ ተነፈስኩ።

ከዚያ ወዲያ ከቅዳሴ መልስ ከከተማው ወጣ ብላ እስካለችው ጋፋት ድረስ በእግር ሆነ። እኔ ዳገቱ ላይ እንደ አሮጌ አይሱዙ ሳቃስት፣ መምሬ በመቋሚያቸው እየተመረኮዙ ከፊቴ ይሰወራሉ። "ና እንጂ ልጄ! ይኼ ለንስሐህ ይታሰብልሃል!" ይሉኛል ከሩቅ። ጋፋት ድሮ ለንጉሥ መድፍ አስወልዳለች፤ እኔን ደግሞ ቦርጬን አስጣለችኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰነበትንና ለመለካት ሄድን። መምሬ ቀድመው ተለኩ፤ ወርዷል! እኔም ተለካሁ። ሲስተር ትዕግስት ቁጥሩን አይታ ፈገግ አለች። "ጎበዝ መምህር! ወርዷል!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔም በቅጡ አላውቀውም። ደስታ አሰከረኝ። ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ወዳለች ሱቅ ሮጥኩ፣ ተመለስኩ፣ ከደጁ ለተሰለፈው ሰው ሁሉ "እንኳን ደስ ያለን! ያዙ! ያዙ!" እያልኩ በየእጁ አስጨበጥኩ። ሽማግሌው ተቀበሉኝ፣ እናቶች መረቁኝ፣ የተኛው ነቅቶ እጁን ዘረጋ። ለመምሬም ሰጠኋቸው።

ሲስተር ትዕግስት በሩን ከፈተች። አየች። ጮኸች።

"መምህር! ከረሜላ?! እነዚህ እኮ የስኳር ሕሙማን ናቸው! ባዶ ሆዳቸውን ነው የመጡት፣ ገና ልለካቸው ነው!"

ዞሬ ሰልፉን አየሁ። ከዳር እስከ ዳር ጉንጩን አንድ በኩል ነፋ አድርጎ… ዝም!

"አሁኑኑ ትፉ! ሁላችሁም!"

ማንም አልተነቃነቀም። በመጨረሻ መምሬ ሞላ ከረሜላቸውን ከግራ ጉንጫቸው ወደ ቀኝ አዛወሩና፣ በዚያ በቅዳሴ ድምፃቸው፣

"ልጄ" አሏት፣ "በረከት እንዴት ይተፋል?"